በሬዲዮ የሚመራ መኪናና የጨፋ ሜዳ ፀሐይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሸዋ ሮቢትንና ሰንበቴን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ፥ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ሜዳ ይገጥመዋል። ይህ የጨፋ ሜዳ ነው፤ የጨፋ ሮቢትም ስም ከዚሁ ሜዳ ጋር የተያያዘ ነው። በበጋ ወራት በቆላው ውሃና ግጦሽ ሲጠፋ፥ የአፋር፥ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን እየነዱ የሚመጡት ወደዚሁ ሥፍራ ነው።

እንዲህ ያለ ሜዳ በሬዲዮ ለሚመራ ትንሽ መኪና መሮጫ የተመቸ ነው። ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የሚመለስ ዘመድ ለልጆች ከሚያመጣቸው ስጦታዎች መካከልም ይኸው መኪና ይገኝበታል። ችግሩ የሚጀምረው ግን መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል ከሮጠ በኋላ ነው። ባትሪው ያልቃል፤ በአካባቢው የመብራት ምሰሶ የለም፤ ልጆቹም አዝነው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ኃይል ለማመንጨት የተሠራ ቢሆንም፥ የመብራት መሥመር በየግጦሹ ሜዳ አይዘረጋም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከመሥመር ውጭ ባትሪ እንዴት እንደሚሞላ እንመለከታለን። ዕውቀቱ ለመጫወቻ ብቻ ሳይሆን ለስልክና ለመብራትም ያገለግላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ የተባለው ሊቅ በ1898 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ ሲያሳይ፥ ጀልባዋን ያንቀሳቀሳት በውስጧ የነበረው ባትሪ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት ከሲሊኮን የሠሩትን የፀሐይ ኃይል መቀበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲያሳዩ፥ ያሽከረከሩበት አንድ ትንሽ መጫወቻ ነበር። ያ መቀበያ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 እጅ ያህሉን ነበር፤ የዛሬዎቹ ሶላሮች ግን ከመቶ 20 እጅና ከዚያም በላይ ይለውጣሉ።

እንግዲህ መጀመሪያ ሒሳቡን ማወቅ ይገባል። የባትሪው ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ ዋት ሰዓት ይገኛል። የተለመደው ባለ ሁለት ክፍል የሊቲየም ባትሪ 7.4 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ቢሆን፥ የሚይዘው 37 ዋት ሰዓት ነው። ሦስት ባትሪ ያለው ሰው 111 ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። በመሙላት ጊዜ በሙቀት የሚባክነውም ስላለ 140 ያህል ብሎ ቢያስብ አይሳሳትም። ይህን ያላሰላ ሰው ወይ የማይበቃ ዕቃ ይገዛል፥ ወይም ገንዘቡን በማያስፈልገው ትልቅ ዕቃ ላይ ያጠፋል።

ለመሙላት ከሚያገለግሉት አንዱ የመኪና ባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት ባትሪ 600 ዋት ሰዓት አለው። ነገር ግን የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ስለሆነ፥ እስከ ታች ቢጠጡት ቶሎ ይሞታል። ከአምስት አንዱን እጅ ብቻ መውሰድ ይበጃል፤ ይኸውም ሁለት ባትሪ ሞልቶ ሦስተኛውን ለመጨረስ አይበቃም ማለት ነው። ከዚህ ያለፈ ሰው መኪናው አልነሣ ብሎት ጎረቤት ለግፊ ይጣራል። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙዎቹ አይሱዙዎችና ሌሎች የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ለ12 ቮልት የተሠራውን ቻርጀር ከነዚህ ጋር ያገናኘ ሰው ቻርጀሩን ያቃጥላል። ስለዚህ ሽቦ ከማገናኘት አስቀድሞ ሾፌሩን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ሶላር ነው። ጨፋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለሚገኝ፥ ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ከአናት ብዙ አትርቅም። ሶላሩን በትንሹ ወደ ደቡብ አዘንብሎ ማስቀመጥ ይበቃል። 100 ዋት የተባለ ሶላር ጥርት ባለ የበጋ ቀን 350 ዋት ሰዓት ያህል ሊሰጥ ስለሚችል፥ ከላይ ላልናቸው ሦስት ባትሪዎች ከበቂ በላይ ነው። ሆኖም ሶላሩን በቀጥታ ከቻርጀሩ ጋር ማገናኘት አይበጅም፤ አንድ ደመና ባለፈ ቁጥር ሥራው ይቋረጣልና። የሚሻለው ሶላሩ በመቆጣጠሪያው በኩል አንድ ትልቅ ባትሪ እንዲሞላ፥ ቻርጀሩም ከዚያ ባትሪ እንዲቀበል ማድረግ ነው። በየገበያው በሶላር ስልክ የሚሞሉ ወጣቶች ይህን አሠራር አሳምረው ያውቁታል፤ እነሱን ጠጋ ብሎ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር ያለው ሰው ኢንቨርተር መጨመር አያስፈልገውም፤ ኢንቨርተር በመካከል በገባ ቁጥር ጥቂት ኃይል ይባክናል።

ሦስተኛው በቤንዚን የሚሠራው ጄኔሬተር ነው። ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ብዙ ባትሪ በአንድ ጊዜ የሚሞሉ ከሆነ ይጠቅማል። 1,000 ዋት የሚሰጥ ሞተር ለአንዲት የመጫወቻ ባትሪ ማስነሣት ግን ለአንድ ስኒ ቡና ጋን ሙሉ ውሃ እንደ ማፍላት ነው። ጭሱም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስላለበት በቤት ወይም በድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይነሣም።

በመጨረሻም መያዣ ያለውና እንደ ሻንጣ የሚንጠለጠለው የሊቲየም ኃይል ማከማቻ አለ። ቀላል ነው፤ ድምፅ የለውም፤ በሶላርም ይሞላል። ከውጭ አገር ዘመድ እንዲያመጣለት የሚፈልግ ሰው ግን የአውሮፕላኑን ሕግ አስቀድሞ ይወቅ። እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከ160 በላይ የሆነው መንገደኛ ይዞት የሚሄደው አይደለም። ይህን ያላወቀ ዘመድ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ዕቃ በአውሮፕላን ማረፊያው ጥሎት ለመሄድ ይገደዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ እንምጣ። የሊቲየም ባትሪ እንደ ድሮው የራዲዮ ድንጋይ ቀዝቃዛ ፍጥረት አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ ቢሞላ፥ ቢወጋ ወይም ከመጠን በላይ ቢሞቅ፥ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይቀጣጠላል። በበጋ እሳት የተነሣበት የጨፋ ሣር ደግሞ የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም። ብዙ ቀን ተጉዘው የመጡ ላሞችና ግመሎች ተስፋቸው ያው ሣር ነው። አንድ የመጫወቻ ባትሪ የሚለኩሰው እሳት የብዙ ቤተሰብ ወተት ያቃጥላል።

ስለዚህ ሶላሩ በፀሐይ፥ ባትሪው ግን በጥላ ይሁን። ከሩጫ የተመለሰ ባትሪ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይሞላ። የሚሞላበት ሥፍራ ሣር የሌለበት መሬት ወይም ድንጋይ ይሁን፤ በአጠገቡም አሸዋ የሞላ ባልዲ ይቀመጥ። ክፍሎቹን እኩል የሚያመጣጥን ቻርጀር ይመረጥ፤ 5 አምፔር ሰዓት ላለው ባትሪም ከ5 አምፔር በላይ አይሰጠው። ያበጠ ባትሪ ዳግመኛ አይሞላም። በተዘጋ መኪና ውስጥ በቀትር ፀሐይ መተውም፥ እየተሞላ ሳለ ጥሎት ወደ ሻይ ቤት መሄድም ያው አደጋ ነው። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በሰማይ የምትበረውን ድሮን በተመለከተ ነገሩ ልዩ ነው። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባትሪዋን እንዴት እንሙላ ከማለት በፊት ፈቃዱን ማሰብ ይቀድማል።

ለልጁ መኪና የገዛ ወላጅ ሒሳቡን ከልጁ ጋር ቢያሰላ መልካም ነው። ቮልትን በአምፔር ሰዓት ማባዛት የተማረ ልጅ፥ ነገ ለቤተሰቡ መብራት ምን ያህል ሶላር እንደሚበቃ ለመናገር አይቸገርም። መኪናው ተሰብሮ በተጣለ ጊዜ እንኳ ሶላሩና ትልቁ ባትሪ በምሽት የቤት መብራት ሆነው ያገለግላሉ። ስለዚህ ገንዘብ የሚያንሰው ወላጅ በመኪናው ላይ ቆጥቦ፥ ደኅና ቻርጀርና ደኅና ሶላር ቢገዛ ይሻለዋል።