ሽሮፑን ከማንሳታችን በፊት

ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ፓራሲታሞል ሽሮፕ የሚያነሳ እጅ በየቤታችን አለ። ታናናሾቻችንን ስንይዝ እኛም አድርገነዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ቡታጅራ ላይ 1,065 ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ልጆቻቸው ክትትል ተደረገላቸው። ፓራሲታሞል የወሰዱት ልጆች ከ1 እስከ 3 ዓመታቸው ድረስ ሲተነፍሱ ደረታቸው ሲር ሲር የማለት ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ታዲያ አስም የሚያመጣው መድኃኒቱ ነው? አልተረጋገጠም። ሽሮፑን ያሰጠው የደረት ሕመም ራሱ ሰበቡ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ልጄን አስም አስያዝኩት ይሆን?» ብላ የምትጨነቅን እናት የሚያስፈራራ ፖስት ማጋራት ይብቃን። ትኩሳት ካሰቃየው ይሰጠው፤ ግን በክብደቱ ልክ፣ በሾርባ ማንኪያ ሳይሆን በመስፈሪያው። ዝም እንዲል ብቻ ተብሎ መስጠት ግን ይቅር። 3 ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰ ደግሞ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።