የተረፈው ብር የት ገባ?

የጾም ኬክ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ይጋገራል፤ ዋጋው ግን ከፍስኩ ኬክ ሲያንስ አላየሁም። እንዲያውም አንዳንድ ኬክ ቤት ከፍ ብሎ ይገኛል። አዲስ አበባ የጾምን ማዕድ ካደሰችው ሰነባብታለች። የጾም በርገር አለ፤ የጾም ፒዛ አለ፤ በአኩሪ አተር ወተት የሚዘጋጅ ማኪያቶ አለ፤ እንጉዳዩም ሸክላ ላይ እየጨሰ «የጾም ጥብስ» ተብሎ ይቀርባል። ትልልቆቹ ሆቴሎች በሁዳዴ የሚዘረጉት ቡፌ ሲሆን ደግሞ ጾመኛው ከመነሣቱ በፊት ቀበቶውን ላላ ማድረግ ይኖርበታል።

ጣዕም ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም። ሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው፣ አዚፋው፣ ተልባው፣ ይህ ሁሉ ጥበብ የመጣው ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ሥጋና ወተት ሳይነካ መኖር ስለነበረበት ነው። እናቶቻችን በክክና በጎመን ተአምር ባይሠሩ ኖሮ ዛሬ ዋሽንግተን ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሥጋ የማይበላውን ፈረንጅ በምን ይጠራው ነበር? ጾም የግድ መጎምዘዝ አለበት አልልም። የኔ ነገር ገንዘቡ ላይ ነው። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ ለ55 ቀን ከቤት ሲወጡ ወጪያቸውም አብሮ ይወጣል። ያ ብር የት ይገባል?

ጥያቄው የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ዕድሜው ከክርስትናው ብዙ አይርቅም። በሁለተኛው መቶ ዓመት ሮም ውስጥ የተጻፈ፣ የጥንት ክርስቲያኖች ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አስጠግተው ያነቡት የነበረ «ሄርማስ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ሄርማስ አንድ ቀን ጾሞ ተቀምጦ ሳለ በእረኛ አምሳል የሚገለጥለት የንስሐ መልአክ ይመጣና በማለዳ እዚህ ምን ታደርጋለህ ይለዋል። እየጾምኩ ነው ሲል መልአኩ ይህማ ጾም አይደለም ብሎ ያስደነግጠዋል። ከዚያ ያስተምረዋል። አስቀድሞ ከክፉ ሥራና ከክፉ ምኞት ልብን ማንጻት ይገባል። በጾሙ ዕለት ከእንጀራና ከውኃ በቀር ምንም አይቀመስም። ቀጥሎ ያን ቀን ሊበላ የነበረው ምግብ ምን ያህል ያወጣ እንደነበር ይሰላና ገንዘቡ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ሰው ይሰጣል። የተቀበለውም ጠግቦ ስለ ሰጪው ይጸልያል።

መልአክ ከሰማይ ወርዶ ሒሳብ ሥራ ሲል አስቡት። «ቸር ሁን» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ሄርማስም እንደኛ ራሱን ነቅንቆ አሜን ብሎ ይቀር ነበር። ቸርነት ስሜት ነው፤ ከፍና ዝቅ ይላል። ሒሳብ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ይህን መጽሐፍ የባዕድ ነው ብሎ ለመሸሽ መንገድ የለም። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በጥንት ዘመን ነው። የግሪክኛው መጨረሻ ሲጠፋ የጎደለውን ጠብቀው ካቆዩት አንዱ የኛው ግእዝ ነው። አንትዋን ዳባዲ የተባለው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1847 ቅጂውን ያገኘው ምሥራቅ ትግራይ፣ ጉንዳ ጉንዴ ገዳም ውስጥ ሲሆን በ1860 ላይፕዚግ ላይ ታተመ። ስንት ዘመን ሙሉ ገዳማችን ውስጥ ተቀምጦ የጾማችሁን ብር ቁጠሩ ሲለን የኖረ መጽሐፍ ነው ማለት ነው።

ሌሎቹም መጻሕፍት አይቃረኑትም። በመጽሐፈ ጦቢት መልአኩ ሩፋኤል ሊሰናበት ሲል ጸሎትን ከጾምና ከምጽዋት ጋር አስተሳስሮ ይመክራል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን ስለ ምጽዋት ተናግሮ ወደ ጸሎት፣ ከጸሎትም ወደ ጾም ይሻገራል፤ ሦስቱንም በስውር አድርጉት ይላል። ፍትሐ ነገሥቱ እንኳ አንቀጽ 14ን ለጸሎት፣ 15ን ለጾም፣ 16ን ለምጽዋት ሰጥቶ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። እኛ ግን 15ኛውን እናውቃለን፣ 14ኛውን እንሞክራለን፣ 16ኛውን ለባለጸጋ ትተነዋል።

ለባለጸጋ መተዉ ደግሞ አያዋጣም። በዚያው በሁለተኛው መቶ ዓመት አርስቲደስ የሚባል የአቴና ፈላስፋ ክርስቲያኖች ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ለሮም ንጉሥ ጽፎ ነበር። ከጻፈው አንዱ ይህ ነው፦ በመካከላቸው ችግረኛ ቢኖርና እነሱም የሚተርፍ ነገር ባይኖራቸው፣ ሁለት ሦስት ቀን ጾመው የራሳቸውን ቀለብ ይሰጡታል። እነዚህ ሰዎች የጾም ቀን ደርሶባቸው አይደለም የጾሙት፤ ጎረቤታቸው ስለራበው ነው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ሥጋ የምገዛበት ሉካንዳ ውስጥ የሚቆርጥ አንድ ወጣት አለ። በቅበላ ሰሞን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ሳለ፣ እንግዲህ እስከ ፋሲካ ደህና ሁን ብዬ ስቀልድበት «ጋሼ፣ እናንተ ስትጾሙ እኛ እንራባለን» አለኝ። እየሳቀ ነበር፤ ቢላውንም አላቆመም። እሱም ይጾማል። ልዩነቱ የሱ ደሞዝም አብሮት መጾሙ ነው። ሉካንዳው ከቅበላ ማግስት ተዘግቶ ለፋሲካ ይከፈታል። ቆራጩ፣ አጥንት ፈላጩ፣ ጥሬ ሥጋውን ለበላተኛ የሚያመላልሰው ልጅ፣ ብዙዎቹ በዋሉበት ቀን ተከፋይ ናቸው። አንዳንዱ አገር ቤት ይገባል፣ አንዳንዱ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ይበደራል።

ሄርማስ መበለትና ሙት ልጅ ፈልግ ተብሏል። እኛ ሩቅ ሳንሄድ ጾማችን ራሱ ያስራበው ሰው አጠገባችን አለን። እኔ ያተረፍኩት ብር ከሌላ ሰው ኪስ የጎደለ ነው። ወተት የሚሸጡትም እንደዚያው ናቸው። ሰው ይጾማል እንጂ ላም አትጾም፤ ጠዋትና ማታ ትታለባለች። ገዢው ሲጠፋ ወተቱን ንጦ ቅቤ ማድረግና ለፋሲካ ገበያ መጠበቅ የቻለ ይችላል፣ ያልቻለ ይከስራል። በሌላው ወገን ደግሞ ጾም ሲገባ ሁላችንም ወደ ምስሩና ወደ ዘይቱ ስንዞር፣ ዓመቱን ሙሉ ከሽሮ ሌላ የማያውቀው ጎረቤታችን ድንገት የኛ ተሻሚ ይሆናል። እሱ የሚተው ሥጋ የለውም። የሚተርፈውም ብር የለውም። ይህ ሰው የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በመቆየት ነው፤ ስለ እሱ ጾም የምናገረው የለኝም፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ከማለፍ በቀር።

እንግዲህ ጾም ይቅር፣ ሉካንዳ ይከፈት ልል ነው ብሎ የሚሰጋ አንባቢ ካለ አይስጋ። ጾም የአንድን ከተማ ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ነገር መሆኑን ማየት ግን ይገባል። ከተንቀሳቀሰ ዘንድ፣ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ጾመኛው ነው።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዚህ ይቀድሙናል። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ገብቶ ረመዳን የካቲት 22 ሲጀምር አንድ ግቢ ውስጥ አብረን የጾምን ብዙ ነን። የነሱ ጾም ሲያበቃ ዘካተል ፊጥር አለ። እያንዳንዱ የቤት ኃላፊ በቤቱ ባለ ነፍስ ሁሉ ልክ የተወሰነ እህል ወይም ግምቱን ለድሃ ያወጣል፤ መስጠት ያለበትም ከዒድ ሶላት በፊት ነው። ለስሜት የተተወ ነገር የለም። መስፈሪያ አለው፣ ቀን አለው፣ ድሃውም በዓሉን በባዶ ቤት አይውልም። የኛ ሰው ደግነት አንሶት አይደለም፤ ደጀ ሰላም ቆሞ ለነዳያን ሳንቲም ሳይመጸውት የሚገባ ምእመን ጥቂት ነው። ዝክሩ አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑ አለ። ከተውነው ምግብ ጋር ግን አላገናኘነውም። ጾሙ በአንድ መዝገብ፣ ምጽዋቱ በሌላ መዝገብ ይሄዳል።

ጸሎት የሌለበት ጾም ረሃብ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ስለ ጸሎቱ ስናስብ ግን መንገዱ ከኛ ወደ ላይ ብቻ ይመስለናል። ሱባኤ የሚገባው ሰው ጉዳይ ይዞ ይገባል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት «ጾም ጸሎት» ሲታወጅም የጸሎት ርእሶች ተዘርዝረው ይነበባሉ። ቪዛ፣ ትዳር፣ ሥራ፣ ፈተና። በዚህ የሚያሾፉ አሉ፤ እኔ አላሾፍም። ሐናም እህል አልቀምስ ብላ ያለቀሰችው ልጅ ፈልጋ ነው፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ቢታዘባትም እግዚአብሔር ሰማት። የራስን ጉዳይ ይዞ መጾም ነውር የለውም።

ሄርማስ የተነገረው ግን ሌላ አቅጣጫ አለው። እዚያ የሚጸልየው የበላው ነው። ጾመኛው ዝም ይላል፣ የጠገበው ስለ ጾመኛው አፉን ይከፍታል። ይህ ለሐበሻ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በምርቃት ያደግን ሰዎች ነን። ያበላነው ሰው «ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ልጆችህ ይባረኩ» እያለ ሲያወርደው ያ ጸሎት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ችግሩ እኛ አንቆምም። ብሩን ወርውረን ምርቃቱ ሳያልቅ ታክሲ ውስጥ ገብተናል። ወይ ደግሞ ቆመን ካሜራ እናወጣለን፤ ማዕድ ማጋራቱ ተቀርጾ ይለቀቃል፣ ተመጽዋቹም ፊቱን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ከሁለቱ ታክሲው ይሻላል።

የነነዌን ሦስት ቀን ስንጾምም ልብ የማንለው ነገር አለ። የነነዌ ሰዎች ማቅ ለበሱ፣ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀመጠ፣ ከብቱ ሳይቀር ከመኖና ከውኃ ተከለከለ። ዮናስ ላይ እንደተጻፈው ግን እግዚአብሔር ተመልክቶ የራራው ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን፣ ሥራቸውን አይቶ ነው። ንጉሡም ባዋጁ ሕዝቡን በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ጨምሮ አዟል። ሠራተኛውን ደሞዝ ከልክሎ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም አሠሪ ይህን ምዕራፍ ሲደርስ ምን ብሎ እንደሚያልፈው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የተረፈው ብር የት እንደሚገባ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በግ ይሆናል። ለ55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ የዳነው ገንዘብ ለፋሲካ ዋዜማ ተጠራቅሞ በጉን፣ ዶሮውንና እንቁላሉን ይገዛል፤ ጾሙ ቁጠባ፣ ፋሲካው ማውጫ ይሆናል። በዓል በደስታ መዋል መልካም ነው፤ ሙሉውን ወደ ራሳችን ገበታ ከመለስነው ግን ምግቡን አልተውነውም፣ ቀጠሮ ሰጠነው እንጂ።

ቤታችን ውስጥ ሒሳቡን ለመሥራት ተቀምጠን ነበር። በሳምንት ሁለት ኪሎ ሥጋ የሚገባበት ቤት በስምንቱ ሳምንት 16 ኪሎ ይተዋል፤ ዋጋውን የሰፈሩ ሉካንዳ ሳይዘጋ ማየት ነው። ወተቱን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ደመርንበት። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ «ዘይቱስ? ሽሮውና ምስሩስ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» ብላ ከድምሩ ላይ ትቀንስ ጀመር። እውነቷን ነው፤ ወጥ ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት። የቀረው ካሰብኩት በጣም አነሰ። ከሆሣዕና በፊት ይሰጥ በሚለው ተስማማን፤ ግማሹ ለቆራጩ ልጅ ይሁን ስላት እሷ ደግሞ ጓሮ በኩል ያሉት መበለት ይቅደሙ አለች። ዘይቱ ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ገና አልተቋጨም።