ለጉዲፈቻ ወላጆች መረጃው በወረቀት ይሰጥ

ይድረስ፦ ሕፃናትን ለጉዲፈቻ ለሚያገናኙ መሥሪያ ቤቶች፣ ለማሳደጊያ ተቋማት ኃላፊዎችና ለማኅበራዊ ሠራተኞች

ጥር 1 ቀን 2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኢትዮጵያ ሕፃናት ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ሲወስን ትልቅ አደራ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው፣ ተጥለው የተገኙ ወይም የሚያሳድጋቸው ያጡ ልጆች በጉዲፈቻ ቤተሰብ የሚያገኙት ከዚሁ አገር ሰው ነው። ይህ ደብዳቤ በውሳኔው ላይ ቅሬታ የለውም። ቅሬታው ከውሳኔው በኋላ ሳይለወጥ በቀረው አሠራር ላይ ነው፤ ልጅ ማሳደግ የፈለገ ኢትዮጵያዊ መረጃውን ከሰው አፍ እየለቃቀመ ይጀምራል፣ ልጁን ከተረከበ በኋላም የሚያማክረው አጥቶ ብቻውን ይወጣዋል።

ባልና ሚስት ናቸው እንበል። ዓመታት ተመካክረው ልጅ በጉዲፈቻ ለመውሰድ ቆርጠዋል። ሚስትየዋ ከሥራ አስፈቅዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ ትመጣለች፤ ወረፋ ጠብቃ፣ ሌሎች ባለጉዳዮች ጆሯቸውን አቁመው እየሰሙ ጉዳይዋን ታስረዳለች። «የጋብቻ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃና የጤና ምርመራ አምጪ» ትባላለች። ይዛ ስትመለስ ከወንጀል ነፃ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት እንደጎደለ ይነገራታል። እሱን ስታመጣ ባልየው በአካል መቅረብ እንደነበረበት፣ እሱ ሲቀርብ ደግሞ የጤና ምርመራው ጊዜ እንዳለፈበት ይነገራቸዋል። ሰነዶቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው፤ ልጅ የሚረከብ ሰው ማንነቱ በደንብ መጣራት አለበት። ግን ሁሉም በመጀመሪያው ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፈው ቢሰጧት ምን ይጎዳ ነበር? ዝርዝሩን በቃሏ የያዘችው ባለሙያ ስብሰባ ከገባች ጉዳዩ ያድራል፣ ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረች ዕውቀቱ አብሯት ይሄዳል። ተተኪዋ ከዜሮ ትጀምራለች፤ ባልና ሚስቱም እንደዚያው።

በዚህ ምልልስ ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩ አሉ። አቋራጭ ፍለጋ ወደ ደላላ ወይም «የማውቃት ሴት አለች» ወደሚል ጎረቤት የሚሄዱም አሉ፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በሕጉ መሠረት ፍርድ ቤት ያላጸደቀው ጉዲፈቻ አይጸናም። ልጁ ሃያ ዓመት «ልጄ» እየተባለ ቢያድግ እንኳ አሳዳጊው ሲሞት ዘመድ ተነሥቶ «የታለ ወረቀትህ?» ቢለው የሚያሳየው ላይኖረው ይችላል።

የሚያሳዝነው ሕጉ ራሱ አጭርና ግልጽ መሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስለ ጉዲፈቻ የሚለው ተጨምቆ ቢጻፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት አብረው ሲወስዱ ከሁለቱ አንዳቸው ይህን ዕድሜ ከሞሉ ይበቃል። የራስ ልጅ መኖር አይከለክልም። ጋብቻም በሕጉ ቅድመ ሁኔታ አልተደረገም፤ ያገባ ሰው ግን ከትዳር ጓደኛው ጋር ተስማምቶ መምጣት ይኖርበታል። ልጁ በማናቸውም ረገድ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጠራል፤ በውርስም ከተወለዱት እኩል ነው። ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን የጉዲፈቻ ቤተሰቡ ይቀድማል። አንዴ የጸደቀ ጉዲፈቻ አይፈርስም፤ ፍርድ ቤት የሚሽረው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲያሠራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚያበላሽ መንገድ ሲይዘው ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ደግሞ ጉዲፈቻ እንደ ልደትና ጋብቻ ሁሉ በወሳኝ ኩነት ይመዘገባል።

ይህ አንድ ገጽ በእጁ የሌለ ሰው ግን ወሬ ይሰማል። «ልጅ ካላችሁ አይሰጧችሁም»፣ «የራሳችሁ ቤት ከሌላችሁ አትልፉ»፣ «እናቱ መጥታ ትወስድባችኋለች» እየተባለ የስንት ሰው ልብ ወደ ኋላ ተመልሷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በጉዲፈቻ እንዲያድጉ የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲስፋፉ መንግሥት ያበረታታል ይላል። በየበሩ የሚንከራተት ቤተሰብ ተበረታታ አይባልም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ስለ ልጁ በሚሰጠው መረጃ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከልጁ ጋር የሚመጣው ፋይል ስስ ነው። ተጥሎ ለተገኘ ሕፃን አንዲት የፖሊስ ደብዳቤ፣ የተገኘበት ሰፈርና ቀን፣ «ዕድሜው በግምት» የሚል መስመር፣ የጣቢያው ማኅተም። ማን አገኘው? በምን ተጠቅልሎ ነበር? አጠገቡ የተቀመጠ ነገር ነበር? ማሳደጊያ ውስጥ ማን ያዘው፣ ምን ታመመ፣ ክትባቱን የት ጨረሰ፣ ወንድም ወይም እህት አለው? እነዚህን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ያገኘችው ሴት፣ ተረኛው ፖሊስ፣ ሌሊት ያቀፈችው ሞግዚት። ጠይቆ የሚጽፍ ስለማይገኝ ግን ሞግዚቷ ሥራ ስትለቅ የልጁ የመጀመሪያ ዓመት አብሯት ይወጣል። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው «ከየት ነው የመጣሁት?» ብሎ ይጠይቃል፤ አሳዳጊዎቹም የሚመልሱለት ያጣሉ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 7 ልጅ በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ታሪኩን መዝግቦ ማቆየት እንግዲህ ግዴታ ነው፤ በባለሙያ ደግነት ላይ የሚተው አይደለም።

ሰነድ ሲበላሽ ምን እንደሚከተል ይህች አገር ከበቂ በላይ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ4,000 በላይ ልጆች ወደ ውጭ ሲሄዱ 2,500 ያህሉ አሜሪካ ገቡ፤ ኢትዮጵያ ለአሜሪካ ቤተሰቦች ልጅ በመስጠት ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ነበር። ጉዳዩን የሚመለከተው ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ፋይል ያይ ነበር። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5 እንዲወርድ የተደረገው ሰነዶቹን በወጉ መመርመር ስላልተቻለ ነው። በየካቲት 2006 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የአንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞችን ከኢትዮጵያ በመጡ ሐሰተኛ ሰነዶች ከሰሰ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ልጆቹን ጨርሶ ያላሳደጉ ማሳደጊያዎች «እኛ ነን የምንሰጠው» ብለው የፈረሙባቸው ውሎች መኖራቸው ነበር። እናታቸው በሕይወት እያለች «ሞታለች» ተብሎ የተጻፈላቸው ልጆች ዛሬ ጎልምሰው፣ የአንድ ቀበሌ ስምና ያረጀ ፎቶግራፍ ይዘው ይመጣሉ። ልጆችንና የተወለዱበትን ቤተሰብ ለማገናኘት «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባል የበጎ ፈቃድ ሥራ እስከ መፈጠር ተደርሷል። እንግዲህ ይኸው ጉድለት ከድንበር ውስጥ ሲደገም ዝም ሊባል አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ልጁን ለማስረከብ ተብሎ በጥድፊያ የተሞላ ቅጽ ኋላ የሚያስለቅሰው ልጁን ራሱን ነው።

ልጁ ቤት ከገባ በኋላ ያለው ጉዞም እንዲሁ ሰው የለበትም። ክትትል ይደረጋል ቢባልም በብዙ ቦታ የሚታየው ቁጥጥር ነው፤ ባለሙያው መጥቶ ቤቱን ያያል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ይሄዳል። ቤተሰቡም እንደ ተፈታኝ ቤቱን አሰማምሮ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል፤ ችግሩን ከተናገረ ልጁን የሚወስዱበት ይመስለዋል። እውነተኛው ጥያቄ ግን ሌሊት ነው የሚመጣው። ከማሳደጊያ የመጣች የአራት ዓመት ልጅ እራት ጠግባ በልታ የተረፈውን ዳቦ ትራሷ ሥር ትደብቃለች። ቤት የመጣችን ሴት ሁሉ «እማዬ» ትላለች፤ እናቷ ስታቅፋት ግን ትገፋታለች። ይህ በተቋም ባደጉ ልጆች ላይ የሚታይ፣ በትዕግሥትም የሚለወጥ ጠባይ ነው። ቀደም ብሎ ያልተነገራት እናት ግን «አልወደደችኝም» ብላ ታለቅሳለች፣ ጎረቤትም «የሰው ልጅ የሰው ነው» ይላታል። ሁለት ሰዓት የማይሞላ ገለጻ ይህን ሁሉ ሐዘን ያስቀር ነበር።

ክትትል የይስሙላ ሲሆን የሚከፈለው ዋጋ ከሐዘንም ያልፋል። በግንቦት 2003 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ታዳጊ አሳዳጊዎቿ እያስራቧትና ውጭ እያሳደሯት ቆይታ በቤቱ ጓሮ በብርድ ሞተች። ፍርድ ቤት አሳዳጊዎቿን ጥፋተኛ አድርጎ ለረጅም ዓመታት እስራት ዳርጓቸዋል። ጨክነው ያደረጉት በራሳቸው ኃላፊነት ነው፤ ልጅቷ ግን በዚያች ቤት በር እየተመላለሰ ለብቻዋ የሚያነጋግራት ሰው ያስፈልጋት ነበር። አገር ውስጥ ያሉትስ ልጆች ማን ለብቻቸው ያነጋግራቸዋል?

ጉዲፈቻን በምስጢር የመያዙ ነገርም ሊነሣ ይገባል። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ በሽማግሌ ፊት፣ በወግና በምርቃት የሚፈጸም፣ መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በሌሎች አካባቢዎችም የጡት ልጅነት ምስክር ያለው ዝምድና ነበር። ከተማ ውስጥ ግን ልጁ እንዳይታወቅበት ሰፈር የሚቀይር፣ ዘመድ የሚሸሽ ቤተሰብ ሞልቷል። ልጁም በአንድ የተጣላ ዘመድ አፍ፣ በክፉ ቀን እውነቱን ይሰማል። ይህን ለመከላከል ባለሙያው ከመጀመሪያው ቀን «ለልጁ ገና በሕፃንነቱ፣ በሚገባው ቃል ንገሩት» ማለት ይኖርበታል። «ማንም አያውቅም፣ አይዟችሁ» የሚል ምክር የሚሰጡ አሉ፤ ይህ ምክር ይቁም። ጠያቂዎችን በኮሪደር ላይ ማነጋገርም ይቁም፤ በር የሚዘጋ አንድ ክፍል የበጀት ጉዳይ አይደለም።

ሥራ ላይ ያለች እናት ሌላም ነገር ይጠብቃታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። በጉዲፈቻ ልጅ ለተቀበለች ሠራተኛ ግን ቀን አልወሰነላትም፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ተረክባ የምትይዘው የዓመት ፈቃዷን ነው። አዋጅ ማሻሻል የምክር ቤት ሥራ ቢሆንም፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ማቅረብ ያለበት ልጆቹን በየቀኑ የሚያስረክበው ወገን ነው።

በነሐሴ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድና ባለቤታቸው ዝናሽ ታያቸው ከክበበ ፀሐይ ማሳደጊያ አንድ ሕፃን በጉዲፈቻ መውሰዳቸው በመላ አገሪቱ ሲሰማ ጉዳዩ የአደባባይ ወሬ ሆነ። ያ ወቅት መረጃ ለማዳረስ የተመቸ ነበር፤ አሁንም አልረፈደም። መረጃው በተለይ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ ፈላጊው በአብዛኛው ጨቅላ ሴት ሕፃን ይጠይቃል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች፣ ወንድምና እህት ሆነው የገቡ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ግን ይጠብቃሉ። ስለነሱ ማንም አይነግረውምና ፈላጊው መኖራቸውንም አያውቅም። የትልቅ ልጅ ጉዲፈቻ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ካሳደገ ቤተሰብ አንደበት ቢሰማ ሐሳቡን የሚቀይር አይጠፋም። በወር አንድ ቅዳሜ አሳዳጊዎችንና ጠያቂዎችን በአንድ አዳራሽ ማገናኘት ለዚህ ይበቃል።

በባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚሠሩ፣ አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይጠይቃሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ውጭ ስለኖረ ብቻ የውጭ ዜጋ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ግን ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ሁለቱ በስልክ ሲጠይቁ አንዱ ባለሙያ «ይቻላል» ሌላው «አይቻልም» እያለ ሊመልስላቸው አይገባም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ይህ ነው። የሚያስፈልጉት ሰነዶች በሙሉ፣ የእያንዳንዱ ደረጃ የጊዜ ገደብ፣ የክፍያ መኖር አለመኖር፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ቦታ በአንድ ወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በየወረዳው፣ በየጤና ጣቢያውና በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይለጠፍ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በየአካባቢው በሚነገረው ቋንቋ ይዘጋጅ። ማንበብ ለማይችል ሰው የሚያነብለት ሠራተኛ ይመደብ። የልጁ ፋይል ደግሞ ከርክክቡ በፊት ቢያንስ የሞግዚቷን ቃል፣ ያገኘውን ሰው ቃል፣ የሕክምና ታሪኩንና ፎቶግራፉን ይያዝ፤ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ቅጂ ልጁ አድጎ ሲጠይቅ እንዲያገኘው ለመዝገብ ቤት።