ወደ እርሻቸው የሄዱ መዘምራን

ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ያገኘው ነገር ያሳዝናል። ሌዋውያኑና መዘምራኑ በቤተ መቅደሱ የሉም፤ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄደዋል (ነህ. 13፥10)። ነህምያ ግን የተቆጣው መዘምራኑን ሳይሆን ሹሞቹን ነው።

ይህን ክፍል ያስታወሰኝ በእኛው ዘመን የሆነ የአይሁድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሮን ቢስማንና ቤን ሄስ የተባሉ ወጣቶች በኒው ዮርክ ጄደብ ሪከርድስ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ። ለትርፍ የቆመ አልነበረም፤ ከአባቶቹ ባህል የራቀው አይሁዳዊ ወጣት ቅርሱን በራሱ ዘመን ዜማ እንዲሰማ ነበር የሚደክመው። በ2004 የማቲስያሁን የመጀመሪያ አልበም አወጣ፤ ጺማሙ ሐሲዲክ ወጣት እምነቱን በሬጌ ሲዘምር ብዙ አሜሪካዊ ጆሮውን ሰጠው። ጎሌም በዪዲሽ፣ ዴሊዮን ከስፔን በተሰደዱት አይሁድ ቋንቋ በላዲኖ፣ ገርልስ ኢን ትረብል ደግሞ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች የሠሩትን ሙዚቃ በዚሁ ቤት አሳተሙ።

በ2006 ማቲስያሁ ዝናው በገነነበት ሰዓት ከእነርሱ አስተዳደር ወጣ። ድርጅቱ ሥራውን ቀጠለ፤ በ2011 ግን የገንዘብ ድጋፉ ስላልበቃ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ።

«ገበያ ካላገኘ ምን ይደረጋል?» የሚል ይኖራል። እኔ በዚህ አልስማማም። የጥንት የላዲኖ ዜማ ገዢው ጥቂት ነው፤ ገዢው ጥቂት የሆነ ሁሉ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለትርፍ ያልቆመ ቤት ያስፈለገውም ገበያ የማይሸከመውን እንዲሸከም ነው። ችግሩ፣ ሰው ለጅምር ያጨበጭባል፤ በዘጠነኛው ዓመት የስቱዲዮውን ሂሳብ የሚከፍል ግን ይጠፋል።

ወገኖቼ፣ መዝሙረ ዳዊትን የተቀበልነው ከዚህ ሕዝብ ነው። ከድካሙም እንማር። በእኛም ዘንድ ስንቱ ዘማሪ ተበድሮ ስቱዲዮ ይገባል፤ አልበሙ ካልተሸጠም ዝም ይላል። ከዚያ እኛ «ያ ዘማሪ የት ጠፋ?» እንላለን። መልሱ ነህምያ ዘንድ አለ፦ ወደ እርሻው ሄዷል።

ዘማሪው የአገልግሎቱን አደራ ይጠብቅ፤ እውነት ነው። እኛ ደግሞ ድርሻውን አንከልክለው። በዝማሬው የተጽናናን ሁሉ ዛሬ አንድ ዘማሪ እናስብ፤ ስልክ እንደውልለት፣ እጃችንንም እንዘርጋለት። ነህምያ መዘምራኑን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቁሟቸው ነበር። ጌታ ለእኛም እንዲህ ያለ ልብ ይስጠን። አሜን።