ካርቦኑን ስንሸጥ ብሎኑን አንርሳ

ባለፈው ክረምት በነፋስ ስልክ ከአንድ የብስክሌት ዕቃ መደብር ገብቼ ሳለሁ፥ አንድ ወጣት «የሸጣችሁልኝ ዕቃ የውሸት ነው» እያለ በቁጣ ሲናገር ሰማሁ። የብስክሌቱ ቴላዮ የካርቦን ፋይበር፤ ኮርቻውን የሚሸከመው ቧንቧ ግን የአሉሚኒየም ነበር። ቧንቧው ከቴላዮው ጋራ ተጣብቆ አልወጣም ብሏል፤ በዙሪያውም ነጭ ዱቄት ወጥቶበታል። ባለ መደብሩም የፋብሪካውን ስም እየጠራ ይምልለት ነበር። ለየብቻቸው ቢታዩ ሁለቱም ዕቃዎች ደኅና ነበሩ፤ ጥፋቱ አንድነት መዋላቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቦን ፋይበር የምንለው በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር ሲሆን፥ ካርቦን ብረት ባይሆንም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከአሉሚኒየም ጋራ ተነካክቶ በመካከላቸው እርጥበት፥ ይልቁንም የላብ ጨው ያለበት እርጥበት ሲገባ፥ ሁለቱ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆናሉ። ካርቦኑ ምንም አይሆን፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በዚንክ የተለበጠ ብሎንም ዕጣው ያው ነው። ከሁሉ የከፋው ሰፊ የካርቦን ገበታ በጥቂት የአሉሚኒየም ሪቬት ሲያያዝ ነው፤ የሰፊው ገበታ ጉልበት ሁሉ በትንሿ ሪቬት ላይ ያርፋልና።

ነፋስ ስልክ የቀለም ፋብሪካ ሰፈር ናትና «አሉሚኒየሙን ቀለም ቀብቼ እገላገላለሁ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አሉሚኒየሙ ብቻ ተቀብቶ ቀለሙ በአንድ ስፍራ ቢጫር፥ ጉዳቱ በዚያች ጭረት ላይ ተጠራቅሞ ይበሳዋል። ከተቀባስ ካርቦኑም ይቀባ።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህን ከቶ አይዘነጉትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ በክር ከተጠናከረ ሙጫ የተሠራ ነው፤ ከዚህም የሚበዛው ካርቦን ነው። 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ ውዱ ቲታኒየም ነው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ቲታኒየም ከካርቦን ጋራ ቢነካካ የማይበላ መሆኑ ነው። አሉሚኒየም ግድ በሆነበት ስፍራ በመካከል ስስ ፋይበር ግላስ ይነጠፋል።

በእኛ ዘንድ ግን የካርቦኑ ዕቃ ከአንድ አገር ይመጣል፤ ብሎኑ ከሌላ ነጋዴ በኪሎ ይገዛል። የፕላስቲክ ሮንዴላ ትርፍ የላትም ይሉኛል። እውነት ነው፥ የላትም። እኔ የምለው ለብቻዋ አትሸጥ፤ ከማይዝግ ብረት ብሎን ጋራ በአንድ ካርቶን ገብታ ዋጋዋ ከዕቃው ጋራ ይታሰብ ነው። አስመጪውም በማዘዣ ደብዳቤው ላይ ብሎኑ ከምን እንደ ተሠራና በምን እንደ ተለበጠ የሚጠይቅ አንድ መሥመር ይጨምር። ባለ ሱቁ ደግሞ ገዢውን «ከምን ጋራ ታያይዘዋለህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የብስክሌት ቧንቧ ከሆነ ለዚሁ የተሠራውን ቅባት ይስጠው፤ በየጊዜውም እያወጣ እንዲያጸዳው ይንገረው።

የዚያ ወጣት ቧንቧ በመጨረሻ በመጋዝ ተቆርጦ ወጣ። የአዲሱን ዋጋ ግማሽ ባለ መደብሩ ከኪሱ ከፈለ።