ማስፋትና ማዳን ለየቅል ናቸው

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ለቤታችሁ ኮምፒውተር ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እዚህ ሰሚት ቤቴ ድረስ መጣ። አራት ዲስኮች በፌስታል ይዟል። ሥራው የሠርግ ቪዲዮ ነው። ቡናው ገና ሳይቀርብ «ቲቸር፣ አንዱ ሞተብኝ» አለኝ። ሦስቱ ደህና ከሆኑ ምን ያስጨንቅሃል ልለው ስል ነገሩ ገባኝ። አራት ባለ 2 ቴራ ዲስኮችን በዊንዶውስ ስቶሬጅ ስፔስስ አዋህዶ፣ «ሲምፕል» የሚለውን መርጦ፣ አንድ ትልቅ ባለ 8 ቴራ ድራይቭ አድርጓቸዋል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ፋይል ተቆራርጦ በዲስኮቹ ላይ ይበተናል። አንዱ ሲሞት የተቀሩት ሦስቱ የያዙት ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ከጠፉት ውስጥ አንድ ሠርግ አለ። የሙሽራዋ አባት ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ አርፈዋል። ቤተሰቡ ለሙት ዓመታቸው የጠየቀው፣ እሳቸው ልጃቸውን ሲመርቁ የሚታዩበትን ክፍል ነበር።

ዲስክ ማዋሃድ ማን አስተማረው? እኔ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ያጨበጨበው ትልቁ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ስለ መጠባበቂያ ኮፒ «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እናያለን» ብዬ አለፍኩት። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌላ ርዕስ ያዘና ቀረ። እንግዲህ ይሄ ጽሑፍ ያ የቀረው ክፍለ ጊዜ ነው።

አቋሜን ባጭሩ ላስቀምጥ፦ ዲስክ ማዋሃድ ቦታ ያሰፋል እንጂ ፋይል አያድንም። ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ቤት ሳታስቀምጡ ቤታችሁ ያለውን አታስፉ።

ለምን? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ መቶኛው 3 ነው ብለን እንነሳ። አራቱን በ«ሲምፕል» ስታዋህዱ፣ ከአራቱ አንዱ ሞቶ ሁሉንም ይዞባችሁ የመሄዱ ዕድል ወደ 11 ተኩል ይጠጋል። ይሄ የኔ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች «ሬይድ» የሚለውን ስም ባስተዋወቁበት ጽሑፍ የተነሱት ከዚሁ ችግር ነው። ዲስክ በበዛ ቁጥር ብልሽትም ይበዛል፤ ስለዚህ ከዲስኮቹ ከፊሉ ለመጠባበቂያ ይዋል አሉ።

እኛ ግን ማስፋቱን ወስደን መጠባበቂያውን ተውነው።

«እሺ፣ ታዲያ በምን ላዋህድ?» ለምትሉኝ፦ ለቤትና ለትንሽ ስቱዲዮ የምመርጠው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኦፕንሚዲያቮልት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጭኖ፣ መርጀርኤፍኤስን ከስናፕሬይድ ጋር መጠቀም ነው። መርጀርኤፍኤስ ዲስኮቹን እንደ አንድ ፎልደር ያሳያችኋል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ፋይል ሳይቆራረጥ አንድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ቢሞት የሚጠፋው እሱ ላይ የነበረው ብቻ ነው። የዲስኮቹ መጠን እኩል መሆን የለበትም። ዘንድሮ ባለ 2 ቴራ፣ ከርሞ ደግሞ ባለ 4 ቴራ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ። ለኛ ኪስ የሚስማማው ይሄ ነው። ስናፕሬይድ በበኩሉ በአንድ ለብቻው በተመደበ ዲስክ ላይ የሒሳብ ማስታወሻ፣ ማለትም «ፓሪቲ» ይጽፋል። ከሌሎቹ አንዱ ሲሞት ከዚያ ማስታወሻና ከቀሩት ዲስኮች ይዘቱን መልሶ ይሠራዋል። ሁለት ነገር ግን አትርሱ፦ የፓሪቲው ዲስክ ከሌሎቹ ትልቁን ማከል ወይም መብለጥ አለበት። ደግሞም ማስታወሻው የሚታደሰው «ሲንክ» ስታዙት ብቻ ነው። ማታ ሠርግ ገልብጣችሁ ሲንክ ሳታደርጉ ከተኛችሁ፣ የዚያን ቀን ሥራ ገና ጥበቃ የለውም።

ዊንዶውስ አልለቅም የሚልም ካለ ያው ስቶሬጅ ስፔስስ «ሚረር» አለው። ሁለት ባለ 4 ቴራ ብትሰጡት 4 ቴራ ብቻ ነው የምታገኙት። ቁጥሩ አያስጨበጭብም፣ ግን አንዱ ሲሞት ሌላው አለ። በዩኤስቢ የሚንጠለጠሉ ዲስኮችን ግን ባታዋህዱ ይሻላል። ገመዱ በተነካ ቁጥር ፑሉ ይበጠሳል።

መብራቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰፈራችን ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ሲመለስም ነው የሚያስፈራው። ጽሑፍ መሃል ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠ አንድ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ዲስኮቹ ተቆራርጠው የተዋሃዱ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከአንድ ፋይል ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛ ዲስክ ለመግዛት ያጠራቀማችሁት ብር ካለ መጀመሪያ ዩፒኤስ ግዙበት። ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ አምስት ደቂቃ ከሰጣችሁ ሌላ አትጠብቁበት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም የቀረ አለ። ሌባ ኮምፒውተሩን ሲወስድ ሚረሩንም ፓሪቲውንም ይዞ ነው የሚሄደው። በስህተት ያጠፋችሁትን ፋይል ሚረሩም ወዲያው ያጠፋዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ቤት ያለ ኮፒ ብቻ ነው።

አባቶቻችን ይሄን ያውቁታል። አንድ ብራና አርጅቶ ሳይጠፋ እየተገለበጠ ነው ከገዳም ገዳም የተሻገረው። በቅርቡም ታሪክ ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀምሮ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነስተዋል። የፊልሙ አንድ ኮፒ እዚህ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደረገ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው ለዓመታት ካታሎግ ሠሩለት። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አገሪቱ ምን ዓይነት ማዕበል ውስጥ እንደገባች አስቡት። ዛሬ ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹን ከቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ማንበብ ትችላላችሁ።

«ክላውድ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ለሰነድና ለተመረጡ ፎቶዎች ጥሩ ነው። አንድ ቴራ ቪዲዮ ግን በሰከንድ 5 ሜጋቢት ሳይቋረጥ ቢጫን እንኳ 18 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል። ወርሃዊ ክፍያው በዶላር መሆኑን ሳንቆጥር ማለት ነው። ከሰሚት መገናኛ እህትሽ ቤት ድረስ በታክሲ የሚሄድ ዲስክ ይፈጥናል።

እኔ አሁን የማደርገው ይሄንን ነው፦ አንድ ዲስክ ወንድሜ ቤት አለ። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ አዲሱን ይዤ እሄዳለሁ፣ የድሮውን ይዤ እመለሳለሁ። ስመለስም ሁለት ሦስት ፋይል ከፍቼ አያለሁ። ተከፍቶ ያልታየ ኮፒ አለ አይባልም።

ወደ ልጁ ልመለስ። የሞተውን ዲስክ ባለሙያ ጋ ወሰድነው፣ አልተሳካም። የአባትየው ምርቃት ግን ተገኘ፤ ሙሉው አይደለም፣ ሁለት ደቂቃ ከምናምን። ከሠርጉ ሰሞን ለሙሽራዋ በቴሌግራም ልኮላት በነበረ አጭር ቅንጥብ ውስጥ ነው ያገኘነው። ጥራቱ ወርዷል፣ ድምፃቸው ግን ይሰማል። የተረፈው ሌላ ቦታ ስለነበረ ብቻ ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ያን ቀን ያጨበጨባችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ። የቤት ሥራችሁ ይሄ ነው፦ በዚህ ሳምንት አንድ ዲስክ ከቤታችሁ ይውጣ። ያደረጋችሁ ኮሜንት ላይ «ወጥቷል» በሉኝ፣ እቆጥራለሁ።