ደቦ ጠርቶ የቀረ ባለቤት

ታኅሣሥ አልፎ ጥር ሲገባ፣ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶና ተወቅቶ ለገበያ ሲወጣ፣ ወረታ ውስጥ በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት ረጅም ሰልፍ ይቆማል። ገበሬው ብሩን ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ ይሰጠኛል፤ እኔ ቅጹን እሞላለታለሁ፤ እርሱ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። አንድ አዛውንት አትመው ሲያበቁ ጣታቸውን እንዳነሡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኒያ ዱሮ የሚያስተምሩት ፈረንጆች ዳግመኛ አይመጡም?» አሉኝ። «ምነው አባቴ፣ ምን ፈለጓቸው?» ብላቸው፣ «ስሜን መጻፍ ያስተምሩኝ ነበር» አሉ።

እኒህን ሰው ሰባት ዓመት አውቃቸዋለሁ። በየዓመቱ ቅጻቸውን ሞልቻለሁ፤ «ሀ»ን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳየኋቸውም። ስለ ገበሬ ላብ ሦስት ግጥም ጽፌ ተጨብጭቦልኛል። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ክስ ነው፤ ተከሳሾቹም ፈረንጆቹ ሳይሆኑ ፊደል የቆጠርን የአገሩ ልጆች ነን።

ስለ ባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኞች በየቡና ቤቱ ሁለት ዓይነት ወግ እሰማለሁ። አንዱ ወገን፣ «እነርሱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!» ይላል። ሌላው፣ «የሚመጡት ድህነታችንን ፎቶ አንሥተው ሊለምኑበት ነው» ይላል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ተቀምጠው ማውራታቸው ነው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹን ከ270 የሚበልጡ ፈቃደኞች ሲልክ፣ እነዚያ ወጣቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ገብተው አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው የእንግሊዙ ቪ.ኤስ.ኦ. ደግሞ ድህነትን ከገንዘብ ይልቅ በሰው ሙያ እዋጋለሁ ብሎ፣ በመምህራን ማሠልጠኛዎቻችን ባለሙያዎችን አሰልፏል። መልካም አደረጉ። ይሁንና እንግዳ ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የሰላም ጓድ በመላው ዓለም የነበሩትን ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ጠርቶ አስወጣ። በዚህ ማንም ሊቀየም አይገባም። መጠየቅ ያለበት፣ እንግዳው ሲሄድ ሥራውን የሚረከብ ባለቤት ነበረ ወይ ተብሎ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከሜዳችን የተሻለ ምስክር የለም። ሩዝ ለፎገራ ገበሬ የአባቶቹ እህል አልነበረም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ከአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሆነው እንዲዘራ አደረጉ። ከዚያ ባለሙያዎቹ ሄዱ። ከ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ዐዋጅ በኋላ ማኅበራቱም ፈረሱ። ሩዙ ግን ቀረ። ገበሬው ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው የሚያስተኙበትን ውኃ የሩዝ ማሳ አደረገው፤ ሚስቱ እህሉን ከጤፍ ቀላቅላ እንጀራ ጋገረችው፤ ገለባው ለከብቱ ሆነ። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ በዚያም የጃፓን እገዛ ታክሎበታል። እርዳታ ሥር የሚሰደው ባለቤት ሲያገኝ ነው።

በእኛ አገር ደቦ የጠራ ሰው ምሳውንና ጠላውን አሰናድቶ፣ ማጭዱን ይዞ፣ ከሁሉ ቀድሞ ማሳው ላይ ይገኛል። ደቦኛው ደርሶ ባለቤቱን ቢያጣው ማጭዱን አንጠልጥሎ ይመለሳል። ወንፈል ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል፤ የተሠራልህን ቀን ቆጥረህ ትመልሳለህ። እኛ ግን ዓለሙን ደቦ ጠርተን በየከተማው ጥላ ሥር ቀረን። ወንፈሉንም አልመለስንም። ቪ.ኤስ.ኦ. ከኬንያና ከፊሊፒንስ ጭምር ፈቃደኞችን መልምሎ ወደ ሌሎች አገሮች ልኳል። እነዚያ አገሮች ድህነታቸውን ጨርሰው የተረፋቸውን ሰው የሰጡ ይመስላችኋል?

የቀደሙን እኮ እንዲህ አልነበሩም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በየአውራጃው ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ተሰማርተዋል። «ግዴታ ነበር፤ ዘመቻውም ደም የተቀላቀለበት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ታዲያ ያለ ግዴታ አንዲት ሰንበት መስጠት ያቃተን እኛ በምን አፋችን እንነቅፋቸዋለን?

«ደመወዛችን ለራሳችንም አልበቃ» የሚለውንም አውቀዋለሁ፤ እኔም የምለው ነው። ነገር ግን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን የወረረውን እምቦጭ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው ገበሬ ስንት ደመወዝ ነበረው? ማንስ በጎ ፈቃደኛ ብሎ ጠራው? በዚሁ በፎገራ ወረዳ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለችግረኛ ወገኑ ሲሠራ፣ ሀብት ተርፎት ነበርን?

እኛስ ምን አደረግን? በክረምት አንድ ቀን ኮፍያና ካናቴራ ለብሰን ችግኝ ተከልን፤ ፎቶ ተነሣን፤ ተመለስን። በበጋ ውኃ ያጠጣው ማን እንደ ሆነ፣ ካጠጣውም ሰው ካለ፣ አናውቅም። የባሕር ማዶው ፈቃደኛ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይቀመጣል፤ እኛ በገዛ አገራችን የአንድ ቀን እንግዶች ሆነናል።

ባለሙያ ከውጭ አይምጣ አላልሁም። ይምጣ፤ የማናውቀውን ያሳየን። ፊደል ለማስቆጠር ግን ከባሕር ማዶ ሰው መጠበቅ ነውር ነው። ገበሬው ሰንበት አያርስም፤ እኔም ሰንበት ባንክ አልገባም። ካህናቱ ከፈቀዱልኝ፣ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ዋርካው ሥር ሰሌዳ አቆማለሁ። አብሮኝ የሚቆም መምህር፣ ነርስ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ቢገኝ ደስታዬ ነው፤ ባይገኝም ሰሌዳው ይቆማል።

የሚመጣው ጥር ሩቅ አይደለም። አዛውንቱ ከጋቢያቸው ጫፍ ብራቸውን ፈትተው መስኮቴ ፊት ይቆማሉ። ያን ቀን ከእኔ የሚጠይቁት ቀለሙን ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ በከንቱ ጻፍሁት ማለት ነው። እስክሪብቶውን ከጠየቁኝ ግን፣ ቢያንስ ከአንድ ማሳ ባለቤቱ አልጠፋም።